ያልወረስነው ግንብ

ጎንደር የመጣ እንግዳ የፋሲልን ግንብ ሳያይ አይመለስም፤ ጊዜ ከተረፈውም ኮሶዬ አፋፍ ላይ ቆሞ ገደሉን ቁልቁል ያያል። ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ጣና ዳር ያለውን የጎርጎራ ማርያም ግንብን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ማርያም ግንብ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ነገሩ ያለው እዚህች ላይ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እናንሳው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገባ። አፄ ሱስንዮስን ወዳጅ አድርጎ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የፓኤዝን ትዕግሥት አልወረሰም። በ1626 ንጉሡ ደንቀዝ ላይ ለሮማው ጳጳስ ማለ፤ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይካኑ ተባለ። አገር ተላለቀ። በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ።

ግንቡ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የተጠረበ ድንጋይ፣ ኖራ፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጸ አበባ አለው። የኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን ምእመኑን ዙሪያውን አቁሞ መቅደሱን ይሰውራል። ይሄኛው ረጅም አዳራሽ ሆኖ የሁሉንም ዓይን ወደ አንድ መሠዊያ ይመራል። የሕንፃ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ምሥጢር ይሸፈን ወይስ ይታይ የሚል ክርክር ነው። እዚያው ጎርጎራ ያለችው ክቧ ደብረ ሲና ማርያም እስከ ዘመናችን ተቀድሶባታል። ያቆያት ድንጋይ ሳይሆን ሰው ነው።

ስለ ግንቡ ስናወራ ሁለት ወገን እንሆናለን። አንዱ የጎንደርን ግንብ ሁሉ ሰብስቦ «ፖርቱጋሎች ሠሩልን» ይላል። ሌላው «የኛ አይደለም፣ ይፍረስ» ይላል። ሁለቱም ድንጋዩን የተሸከመውን የአገሬውን ሰው ረስተዋል። ፋሲል ቄሶቹን አባረረ እንጂ ኖራውን አላባረረም፤ በ1636 የቆረቆራት ጎንደር ምስክር ናት። ሃይማኖትንና ሙያን ለይቶ ማየት ያን ጊዜም ይቻል ነበር ማለት ነው።

ከ2006 ጀምሮ ጎርጎራ ድረስ መጥተው ቦታውን ቆፍረው ያጠኑት የእስፔን አርኪዮሎጂስቶች ናቸው። በ1930ዎቹ ፎቶግራፍ ላይ ቆሞ ከሚታየው ግድግዳ ከፊሉ ዛሬ የለም። የቀረውን ለመደገፍ ደግሞ እንደገና መጠመቅ አያስፈልግም፤ ኖራና ግንበኛ ይበቃል።