ምድጃው ያልገባበት ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ የኑሮ መስተዋት ነው ሲባል የቆየ ነው። መስተዋት ግን ከፊቱ የቆመውን ሁሉ ሳይመርጥ ሲያሳይ ፎቶግራፍ ይመርጣል። ስለሆነም የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሲመዘን ምን እንዳሳየ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳስቀረም መጠየቅ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘ መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ መነሻ ይሆናል። እነ ቤድሮስ ቦያጂያን ያነሷቸው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፎች የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ገጽታ ለታሪክ አቆይተዋል። ይህ መጽሐፍ ደግሞ ከየቤቱ በተሰበሰቡ ፎቶግራፎች የተራውን ነዋሪ ኑሮ ለአደባባይ አብቅቷል። ታላቅ ዋጋው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የከተሜው አልበም በጠቅላላው የበዓልና የሽርሽር መዝገብ ነው። ልጆች በላንጋኖ ዳርቻ፣ ከ1983 ዓ.ም. በፊትም በምፅዋ ባሕር ዳር ተሰልፈው ይታያሉ። ድፎ ዳቦው ሲቆረስ አባት ቢላዋውን ይዞ ይታያል። ሌሊት ሊጡን ያቦካችው፣ በኮባ ጠቅልላ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ የጋገረችው እናት ግን ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ውጭ ናት። ድግሱ ተነሥቷል፤ ድካሙ ቀርቷል።

ከጅጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቀብሪበያ ደግሞ የጉድለቱን ሌላ መልክ ታሳያለች። የስደተኞች መጠለያ ከተቋቋመባት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ካሜራ አላጣችም። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው ፎቶግራፍ አንሺ የሚፈልገው በአብዛኛው ድንኳኑን፣ የውሃ ጀሪካኑን ሰልፍና ድርቁን ነው። የአዲስ አበባዋ እናት እየሠራች ስለነበር ከሥዕሉ ቀረች፤ የቀብሪበያዋ እናት ስለተቸገረች ብቻ ሥዕሉ ውስጥ ገባች። ሁለቱም ሥዕሎች ሥራዋን ደብቀዋል።

ይህ ሥራ ግን ከቅርፅም ከይዘትም አንጻር ለካሜራ የሚገባ ነው። ላሖሕ ጋጋሪዋ ማታ ያቦካችውን ሊጥ ጎሕ ሲቀድ በጋለ የብረት ምጣድ መሃል ታፈሳለች፤ ከዚያም በጭልፋው ጀርባ እያዞረች ወደ ዳር ታሰፋዋለች። እንጀራ ጋጋሪዋ ከዳር ጀምራ ወደ መሃል ስትዞር፣ እርሷ ከመሃል ተነሥታ ወደ ዳር ትዞራለች። የእጇ ዱካ ላሖሑ ላይ ክብ በክብ ታትሞ ይቀራል። ቤተሰቡም በቅቤና በስኳር፣ ወይም በሰሊጥ ዘይት፣ ከሻይ ጋር ይቀርበዋል። በዚህ ውስጥ ችግር የለም አይባልም፤ ነገር ግን ችግር ብቻ አይደለም።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ሐርጌሳ በ1980 ዓ.ም. ከአየር ስትደበደብ ወደ ኢትዮጵያ የሸሸው ሕዝብ ልጁን አዝሎ እንጂ አልበሙን ይዞ ለመውጣት ጊዜ አልነበረውም። ለብዙዎቹ የበርበራ ባሕር የዕረፍት ቀን ትዝታ ነበር። ያንን ባሕር ያላየው፣ በመጠለያው ተወልዶ ያደገው ትውልድ የእናቱን ወጣትነት የሚያይበት ወረቀት የለውም። ስለ እርሱ የተነሣው ሥዕል በእርዳታ ድርጅት መዝገብ ተቀምጦ፣ ከቤቱ ግድግዳ ላይ አንድም ላይኖር ይችላል። የራሱን መልክ ከሌላ ሰው እጅ የሚጠብቅ ቤተሰብ ታሪኩንም ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል።

ዛሬ ተንቀሳቃሽ ስልክ በየእጁ ስለገባ ሰበቡ አንሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአይዳ ሙሉነህ የተመሠረተው አዲስ ፎቶ ፌስትም የአገር ልጅ ካሜራ ለዐውደ ርእይ እንደሚበቃ አስመስክሯል። የቀረው በየከተማው ያሉ መምህራንና የባህል ሠራተኞች ድርሻ ነው። ተማሪው የቤቱን ማለዳ እንዲያነሣ፣ ያነሣውንም በእናቱ ስምና በቀኑ እንዲመዘግብ ማስተማር ይቻላል። ፎቶግራፍ አንሺውም ወደ ቀብሪበያ ሲመጣ ከሰልፉ በፊት ወደ ምድጃው ይግባ፤ ካነሣው ሥዕል አንዱን ቅጂ ለባለቤቷ ትቶላት ይሂድ።