እስትንፋስ በዜማ ቤት

ድጓ ለመማር ከሚመጡት ደቀ መዛሙርት መካከል ድምፁ መልካም የሆነውን ለመለየት ጥቂት ጊዜ ይበቃል፤ ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ቆመው በሚመለከቱት ማኅሌት እንዲመራ ሲታዘዝ የሚጸናውን ከሚደነግጠው ለመለየት ግን ከጆሮ ይልቅ ዓይን ይረዳል፤ ፍርሃት ከድምፅ አስቀድሞ በትከሻ ላይ ይታያልና። የፈራ ተማሪ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰበስባል፣ መቋሚያውን አለ መጠን ይጨብጣል፣ አየሩንም በደረቱ ጫፍ ብቻ ቶሎ ቶሎ እየማገ የመጀመሪያውን ሐረግ ሳይጨርስ ትንፋሹ ያልቅበታል። በአጠገቡ የቆሙትም አዝነውለት «በደንብ ሳብ እንጂ!» ይሉታል። ምክሩ ከርኅራኄ የወጣ ቢሆንም አይበጅም፤ ልጁን የቸገረው የዝግታ ማጣት ነው እንጂ የአየር ማነስ አይደለም።

ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የማስተምረው ማስወጣትን ነው። በሌሊት፣ ቃል በሚጠናበት ሰዓት፣ የበራ ጧፍ በፊቱ ይዤ፣ ነበልባሉ እንዲጎነበስ እንጂ እንዳይጠፋ አድርጎ በቀጭንና በእኩል ትንፋሽ እንዲነፋው አዝዘዋለሁ። ጀማሪው አንድም ወዲያው ያጠፋዋል፣ አንድም ነበልባሉን እያንቀጠቀጠ ጥቂት ይቆይና ያቋርጣል፤ እያደር ግን ሆዱ በዝግታ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ነበልባሉም ባጎነበሰበት እየጸና፣ ትንፋሹን እስከ መጨረሻው ማድረስ ይለምዳል። «አሁንስ የኔታ?» ይለኛል ሲጨርስ። «አሁን ምንም አታድርግ ልጄ፤ እሱ ራሱ ይገባል» እለዋለሁ። በእውነትም በሳንባና በሆድ መካከል የተዘረጋው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ አየሩ ያለ ድካም ይሞላል፣ ትከሻውም ከቦታው አይነሣም።

የዚህን ነገር ምክንያት ሐኪሞች አጥርተው ይናገሩታል። ፈቃዳችን የማያዝዛቸውን ልብን፣ አንጀትንና የደም ሥርን የሚያስተዳድረው የነርቭ ሥርዓት በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በመከራ ጊዜ ሥጋን ለትግል ወይም ለሽሽት ያነሣሣል፣ ሁለተኛው ወደ ዕረፍት ይመልሰዋል። የሁለተኛው ዋና መልእክተኛ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው። ተመራማሪው ኦቶ ሎዊ በ1921 እ.ኤ.አ. የእንቁራሪትን ልብ ይህን ነርቭ በመቀስቀስ ካዘገየ በኋላ፣ በዚያ ልብ ውስጥ የነበረውን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ቢያዛውረው ሁለተኛውም ዘገየ፤ ነርቭ ልብን የሚያዝዘው ንጥረ ነገር አመንጭቶ መሆኑ በዚህ ተገለጠ። ታዲያ ቫገስ አየር ሲወጣ የልብን ልጓም ያጠብቃል፣ አየር ሲገባ ያላላል፤ ጣቱን በእጁ አንጓ ላይ አሳርፎ በዝግታ የሚተነፍስ ሰው ትርታው ሲስብ ፈጠን፣ ሲያስወጣ ዘግየት እንደሚል ሊያስተውል ይችላል። ልብን በፈቃድ ማዘግየት አይቻልም፤ ትንፋሽን ግን ማርዘም ይቻላል፣ ልብም ይከተላል።

በድንጋጤ እየተቻኮለ የሚተነፍስ ሰው ደግሞ የተቃጠለውን አየር ከልክ በላይ ያባክናል፤ ያም በደሙ ውስጥ ሲያንስ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይዞራል፣ ከንፈርና ጣት ይነዝራል። ልጁ በዚህ ጊዜ የታመመ ይመስለውና ፍርሃቱ በፍርሃት ላይ ይደረባል። (በእውነት አስም ወይም የልብ ሕመም ላለበት ግን ከጧፉ ሐኪም ይቅደም።)

ቅዱስ ያሬድ ለምስጋና እንጂ ለነርቭ ብሎ እንዳልደረሰ የታወቀ ነው። ነገር ግን የማኅሌቱ ሥርዓት ትንፋሽን የሚጠብቅ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ቀኙ ወገን ሲያዜም ግራው ያዳምጣል፣ ሲያዳምጥም ያርፋል፣ ስለዚህ መተንፈሻ ጊዜውን ማንም አይሰርቅም፣ በተራው ይሰጠዋል። ሉቺያኖ ቤርናርዲና ባልንጀሮቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ 23 ጤነኞች ሰዎች ካቶሊካውያን በመቁጠሪያ የሚደግሙትን የእመቤታችንን ጸሎት በላቲን ሲያደርሱ፣ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ወደ 6 ያህል ወረደ፣ የልባቸውና የደም ግፊታቸው ሞገድም ከትንፋሻቸው ጋራ ተስማማ። ያም ጸሎት በካህንና በምእመናን መካከል በቅብብል የሚባል ነው።

ይህን ቁጥር ተሸክሞ ወደ ድጓ የሚገባ ቢኖር ግን አልስማማም። የእኛ ሐረግ አንድ ልክ የለውም፤ ከዜማ ምልክቶቹ ደረት ድምፁን ወደ ታች ያወርዳል፣ ሂደት ያስኬዳል፣ ይዘት ይገታል፣ በርክርክ መካከል የተነፈሰም ዜማውን ይሰብራል። ተማሪው ምልክቱን ሲያጠና አየሩን የሚያድስበትን ስፍራ አብሮ ማጥናት አለበት፤ ብራናው ላይ ያ ስፍራ አልተጻፈምና ከመምህሩ አፍ ይቀበለዋል።

የሚያሳስበኝስ ማይክሮፎን ነው። ከአፉ ደቅኖት የሚያዜም ወጣት ጥቂት አየር ስለሚበቃው በደረቱ ጫፍ እየተነፈሰ ሌሊቱን ሁሉ ይዘልቃል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው መብራት በሌለበት የገጠር ደብር፣ በከበሮና በጸናጽል መካከል፣ ምራ ሲባል ነው። ስለዚህ በእኔ ጉባኤ ቤት ድጓ ያለ ማጉያ ይባላል፣ ተማሪዎቹም አዘውትረው ያጉረመርማሉ።