ፍራንክሊን የማን ልጅ ነው?

ቺፕ ዝዳርስኪ የጻፈውና ቴሪ ዶድሰን የሣለው «ኤክስ-ሜን/ፋንታስቲክ ፎር» እ.ኤ.አ. በ2020 በአራት እትሞች የወጣ የማርቭል ኮሚክ ነው። ሁለት የጀግና ቡድኖችን ያጋጫል። እንዲህ ያለው ግጥሚያ በኮሚክ ዓለም ብርቅ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በአለመግባባት ይጀምርና የጋራ ጠላት ሲመጣ በእርቅ ያልቃል። እዚህ ግን ጠቡ እውነተኛ ምክንያት አለው። ሁለቱም ወገኖች አንድን ልጅ «የእኛ ነው» ይላሉ።

ልጁ ፍራንክሊን ሪቻርድስ ነው። የፋንታስቲክ ፎር አባላት የሆኑት አባቱ ሪድና እናቱ ሱ ጠፈር ላይ በኮስሚክ ጨረር ተመትተው እሱ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ፣ እሷ ከዓይን የምትሰወር ሆነዋል። ፍራንክሊን ግን ጠፈር ሳይወጣ፣ ጨረርም ሳይመታው፣ ዓለም እስከ መፍጠር የሚደርስ ኃይል ይዞ ተወለደ። የተወለደው በ1968 በታተመ ዓመታዊ እትም ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደራሲዎቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ሲቸገሩ ኖረዋል።

የማርቭል ሕግ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሚውታንት ማለት ኤክስ የሚባለውን ዘረመል ይዞ የተወለደ ነው። በአደጋ፣ በጨረር ወይም በሸረሪት ንክሻ ኃይል ያገኘ ሰው ከዚያ አይቆጠርም፤ የሸረሪት ሰው የሆነው ፒተር ፓርከር ሚውታንት አይደለም፣ ሪድና ሱም አይደሉም። ሕጉ የሚፈርሰው እነዚህ ሰዎች ሲወልዱ ነው። በ1998 ብቅ ያለችው የፒተር ልጅ ሜይዴይ ግድግዳ መውጣቱን ከአባቷ ወርሳለች፤ ሆኖም የሸረሪት ሰው ልጅ እንጂ ሚውታንት ብሎ የሚጠራት የለም። ፍራንክሊን ግን በ1981ዱ ዝነኛ የኤክስ-ሜን ታሪክ ውስጥ፣ በመጪው ዘመን፣ ከሚውታንቶች ጋር በአንድ ካምፕ ታጉሮ ሚውታንት አዳኞቹ ሮቦቶች ሲገድሉት እናያለን። ሁለቱም ወራሾች ናቸው፤ ፍርዱ ግን ለየቅል ሆነ።

ዝዳርስኪ ይህን የቆየ ግራ መጋባት ያነሣበት ጊዜ ብልህነቱን ያሳያል። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2019፣ ጆናታን ሂክማን ሚውታንቶችን ክራኮዋ በምትባል ደሴት ላይ አገር አቋቁሞላቸው ነበር። ቀድሞ ሚውታንት መባል መታደን ነበር፤ አሁን ዜግነት ሆነ። ዘረመሉ ያለው ሰው ወደ ደሴቷ በሚያስገባው በር ያልፋል፣ ቢሞት እንኳ ያስነሡታል። እንግዲህ «ይህ ልጅ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የአንባቢዎች ክርክር ብቻ መሆኑ ቀርቶ አገር ያለው ጥያቄ ሆነ።

የሚውታንቶቹ የኤክስ-ሜን መሪ ፕሮፌሰር ዜቪየር ፍራንክሊንን ሊወስድ ሲመጣ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን የእኛን አባባል የሰማ ይመስላል። ልጓሙን የሚያበጀው ደግሞ ሪድ ነው። ልጁ ወደ ክራኮዋ በር ሲሮጥ በሩ አልከፈት ይለዋል፤ አባቱ ለልጁ ሳይነግር ዘረመሉን የሚሸፍን መሣሪያ ሠርቶበት ኖሯል። ከመጽሐፉ ሁሉ ልቤ የቀረው እዚህ ላይ ነው። ሪድ ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ አባት ነው። ነገር ግን ፍርሃቱን ወደ ላቦራቶሪ ይዞት ይገባና የልጁን ማንነት እንደ ምሕንድስና ችግር ይፈታዋል። ዶድሰን ፊት ላይ ያለን ስሜት መሣል ይችልበታል፤ የልጁን መከዳት ለማወቅ ቃሉን ማንበብ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የፋንታስቲክ ፎር የቆየ ጠላት ዶክተር ዱም ይመጣና ነገሩ ይሳሳል። እየደከመ የመጣውን የፍራንክሊንን ኃይል እጠግናለሁ ይላል፣ ውጊያ ይነሣል፣ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ ይሰለፋሉ፤ የታወቀው መንገድ ነው። ሁለት ክፉ ያልሆኑ ወገኖች ስለ ልጅ ሲጣሉ ማየቱ በቂ ነበር። ደግነቱ መደምደሚያው ታሪኩን ያነሣዋል፦ ዜቪየር ያንን መሣሪያ የመሥራት እውቀት ከሪድ አእምሮ ፍቆ ያወጣዋል። አባት የልጁን ዘረመል ደበቀ፣ መሪው የአባቱን አእምሮ ሰረቀ፤ ሁለቱም ለልጁ ሲሉ ነው።

ይህን ሁሉ ያበላሸው ሌላ መጽሐፍ ነው። በዚያው ዓመት ዳን ስሎት በ«ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 26 ላይ፣ ፍራንክሊን ሚውታንት እንዳልሆነ፣ ሳያውቀው በገዛ ኃይሉ ራሱን ሚውታንት አስመስሎ እንደኖረ በዜቪየር አንደበት አስነገረ። ማርቭል የሰውን ዘር ሲቀይር የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። በ1964 ሚውታንት ሆነው ብቅ ያሉት እህትና ወንድም ዋንዳና ፒየትሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል የኤክስ-ሜን ባላንጣ የማግኔቶ ልጆች ተብለው ከኖሩ በኋላ፣ የኤክስ-ሜን የፊልም መብት ፎክስ እጅ በነበረበት በ2014 እና 2015፣ ልጆቹም ሚውታንቶችም አይደላችሁም ተብለዋል።

የስሎት መልስ ማርቭል ራሱ ከጻፈው ጋርም ይጋጫል። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1963 ባወጡት የመጀመሪያው የኤክስ-ሜን እትም፣ ዜቪየር የራሱን ምንጭ ሲናገር ወላጆቹ በአቶሚክ ቦምቡ ፕሮጀክት ላይ ይሠሩ እንደነበር ይገልጻል። የኤክስ-ሜን አባል የሆነው የቢስት አባትም በኒውክሌር ጣቢያ ጨረር የነካው ሰው ነው። በመጀመሪያው አሳብ ሚውታንት ማለት ጨረር የነካቸው ሰዎች ልጅ ነበር። ሳይንሱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሄርማን ሙለር በ1927 ኤክስሬይ ያሳረፈባቸው የፍራፍሬ ዝንቦች ለውጡን ለዘራቸው አስተላልፈዋል፤ ጨረሩ የደረሰው ዘር የሚተላለፍበት ህዋስ ላይ ስለሆነ ነው። በዚህ ከሄድን ከዜቪየር ተማሪዎች አብዛኞቹ ይልቅ ለስሙ የሚቀርበው ፍራንክሊን ነው። በእኔ ፍርድ ልጁ ሚውታንት ነው፤ ሜይዴይም ብትሆን ስሙን የተነፈገችው ደጋፊ አገር ስላልነበራት ነው።

ዝዳርስኪን የማልምርበት አንድ ነገር ግን አለ። ቫለሪያ፣ የፍራንክሊን እህት፣ ከእነዚያው ወላጆች፣ ከዚያው ጨረር የተገኘች ናት፤ የደረሳት ግን የአባቷ ጭንቅላት እንጂ የእናቷ መሰወር አይደለም። በክራኮዋ ሕግ እሷ ተራ ሰው ናት። አንድ ደም ሁለቱን ልጆች በተለያየ ጎራ ሲያቆማቸው ከዚህ የበለጠ ታሪክ ከየት ይመጣል? መጽሐፉ ግን የወንድሟ አጃቢ አድርጎ ያስቀምጣትና፣ ብልህ ብልህ ነገር እንድትናገር ብቻ ይፈቅድላታል። ዜቪየርን «እኔስ?» ብላ የምትጠይቅበት አንድ ገጽ ፈልጌ አጣሁ።