ማማውን እንፈራለን፣ ስልኩ ግን ጆሯችን ላይ ነው

ስለ ሬዲዮ ሞገድ ጨረር ሲነሳ የምንሰማው ሁለት መልስ ነው። አንዱ ወገን «የስልክ ማማ ካንሰር ያመጣል» ይላል፤ ሌላው «ከተፈቀደው ገደብ በታች ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ለሚዛን ተፈሪም፣ ለቴፒም፣ ለማጂም ሰው ሁለቱም አይጠቅሙም። ለምን? እስቲ አብረን እንይ።

ብዙ አገሮች የሚከተሉት ገደብ ኢክኒርፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 አውጥቶ በ2020 ያሻሻለው ነው። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ ኤሌክትሮንን ከአቶም አይነቅልም፤ በደንብ የተረጋገጠው ጉዳቱ ማሞቅ ነው። መላ ሰውነት በኪሎግራም 4 ዋት ያህል ሲወስድ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። መመሪያው ይህን ለ50 አካፍሎ ለሕዝብ 0.08 ዋት ብቻ ፈቀደ። ጥንቃቄው የሚናቅ አይደለም።

ወደ ማማው እንምጣ። በ900 ሜጋኸርዝ ገደቡ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው። አንቴናው በዋናው አቅጣጫ የሚልከው ጨረር 1,000 ዋት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢበተን የሚኖረውን ያህል ነው እንበል። 100 ሜትር ርቃችሁ ፊቱ ብትቆሙ የሚደርሳችሁ 0.008 ዋት ነው፤ ከገደቡ 560 ጊዜ ያህል ያንሳል። ማማው ብዙ አንቴና ቢሸከም እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ገደቡ የሚነካው ከአንቴናው ፊት 4 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ደግሞ ለጥገና የሚወጣው ባለሙያ ነው።

ስልኩስ? በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የሁለተኛው ትውልድ ስልክ ማማው ሲርቀው እስከ 2 ዋት ይልካል፤ ማማው ሲቀርበው እስከ 3 ሚሊዋት ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ ከ600 እጥፍ በላይ ነው። በደቡብ ምዕራብ ያለው ተራራ፣ ሸለቆና የቡና ጥላ ዛፍ ሞገዱን ያዳክማል፤ ስልኩም ለመሰማት ይጮኻል። እንግዲህ «ማማ አይተከልብን» ስንል ጆሯችን ላይ ያለውን ጨረር እየጨመርን ነው። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ ስትፈልግ ኔትወርክ ማጣቷ ደግሞ ከማንኛውም የጨረር ግምት የከበደ አደጋ ነው።

ታዲያ ገደቡ እንከን የለውም? አለው። ለጭንቅላት የተፈቀደው በ10 ግራም ሥጋ ተሰልቶ በኪሎግራም 2 ዋት ነው። ስልክ በከፍተኛ ጉልበቱ መፈተኑ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ ስልኩ ከሰውነት በምን ያህል ርቀት እንደተፈተነ ይወሰናል። በመስከረም 2023 ፈረንሳይ አይፎን 12ን ከገበያ ያገደችው እጅ ወይም ኪስ ውስጥ ሲፈተን ከተፈቀደው 4 ዋት አልፎ 5.74 ስላሳየ ነው፤ በሶፍትዌር ማሻሻያ ተስተካከለ። ሕግ ብቻውን አልያዘውም፤ ያገኘው በራሱ የለካ ተቆጣጣሪ ነው።

ካንሰሩስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ብሎ መድቦታል። መነሻው በተለይ የስልክ ተጠቃሚዎች ጥናት ነበር፤ ማስረጃውንም ውስን ብሎታል። በዚያው ድርጅት ጥያቄ 63 ጥናቶችን የገመገመ የ2024 ሥራ ደግሞ በስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

የእኔ ትችት ገደቡ ላልቷል የሚል አይደለም። «ከገደቡ በታች» የሚለው ቃል 500 ጊዜ የሚያንሰውንና ለጥቂት የሚያንሰውን አንድ ያደርጋል። ሰው ደግሞ ቁጥር ሲከለከል ወሬ ያምናል። ስለዚህ ማማ ሲተከል ኦፕሬተሩን፣ ካልሆነም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን፣ «እኛ ግቢ ላይ ስንት ተለካ? የገደቡ ስንት በመቶ ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እስከዚያው ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ወሬ አታርዝሙ፤ ጽሑፍ ላኩ፣ ወይ በጆሮ ማዳመጫ አውሩ።