ለሕፃን በመኝታ ጊዜ ስለሚነበብ መጽሐፍ

ገበሬ ዘር ከመዝራቱ በፊት እህሉን ይመርጣል። የነቀዘውን ከደኅናው ይለያል፤ ደኅናውን ለዘር ያስቀምጣል። በልጁ ጆሮ የሚዘራውን ቃል ግን እንዲህ አድርጎ የሚመርጥ ሰው ጥቂት ነው። «ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ምን ያውቃል? ያገኘነውን እናንብብለት፤ ዋናው ነገር መተኛቱ ነው» ይባላል። እኔ ይህን አስተያየት አልቀበለውም። ያልተቀበልሁበትንም ምክንያት፣ በእጃችን የሚገቡትን መጻሕፍት እየመረመርሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ይህን የምጽፈው ይልቁንም ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። በኖፓም ሆነ በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በበደሌ፣ በብዙ ቤት ማታ መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ የሚችለው ትምህርት ቤት የሚሄደው ታላቅ ልጅ ነው። እንግዲህ ትንሹ ወንድማችሁ ወይም ትንሿ እኅታችሁ የሚሰሙት እናንተ የመረጣችሁትን ነው። ነገ ደግሞ እናንተው ወላጆች ትሆናላችሁ።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ለማሳየት ከዚሁ ከአገራችን አንድ ታሪክ ላንሣ። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በኢሉባቡር በሁሩሙ አካባቢ፣ በ1856 ገደማ የተወለደ አንድ ልጅ ነበረ። የባሪያ ነጋዴዎች ከዘመዶቹ ነጥቀው ወሰዱትና ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ እምኩሉ በሚባለው ስፍራ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማረ። ኋላ አናሲሞስ ነሲብ ተብለው የታወቁት እኒህ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም በተነሡ ጊዜ፣ በልጅነታቸው ከወገናቸው ተለይተው በባዕድ አገር ያደጉ በመሆናቸው፣ ሥራው ለብቻቸው የሚቻል አልሆነም።

በዚህ ጊዜ የረዷቸው አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴርም በልጅነታቸው የባርነት ቀንበር የወደቀባቸው ነበሩ። ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ተጭነው ሲሄዱ በ1886 የጣሊያን መርከቦች አገኟቸውና ነጻ ወጥተው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። እኒህ ሴት የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። ከዚህም በላይ አምስት መቶ የሚያህሉ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጻፉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ገቡ። መጽሐፉ ቋንቋው ኦሮምኛ፣ ፊደሉ ግዕዝ ነው። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የእርሳቸው ድካም አለበት።

እንግዲህ አስተውሉ። ይህች ልጅ ከቤቷ ስትወሰድ የያዘችው ስንቅ አልነበረም። እናቷ፣ ቀዬዋ፣ ነጻነቷ ሁሉ ተወስዶባታል። በጆሮዋ የገባውን ግን ነጋዴው ሊሸጠው፣ መርከቡም ሊያሰጥመው አልቻለም። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ በጆሮ የገባ ነገር ለሕዝብ መጽሐፍ ሆነ። ሕፃን ሳይተኛ በፊት የሚሰማው ነገር ይህን ያህል ዋጋ አለው፤ ማንም የማይቀማው ውርስ ነው።

ከዚህ ታሪክ የመጀመሪያው መመዘኛ ይገኛል፤ እርሱም ቋንቋ ነው። እናት የምትስቅበትና የምትቈጣበት ቋንቋ የሕፃኑ የመኝታ ቋንቋ ይሁን። በኖፓ በብዙ ቤት ይህ ኦሮምኛ ነው፤ በከተማ አማርኛ የሆነበትም ቤት አለ። ያገኛችሁት መጽሐፍ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆን ሥዕሉን እያሳያችሁ ቃሉን በቤታችሁ ቋንቋ ንገሩት። እንዲህ ብታደርጉ መጽሐፉን አልበደላችሁትም። እንግሊዝኛ እንዲለምድ ብሎ ለሁለት ዓመት ሕፃን ራሱ አንባቢው በቅጡ በማያውቀው ቋንቋ ማንበብ ግን ለልጁ ድምፅ ብቻ መስጠት ነው።

አሁን መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እንይ። በገበያ በብዛት የሚገኘው የፊደል መጽሐፍ ነው። በአንድ ገጽ አንድ ፊደል፣ በአጠገቡም አንድ ሥዕል ይታያል። ለትምህርት ጊዜ መልካም ነው፤ ለመኝታ ግን አይስማማም። አንባቢው ሳያስበው መምህር ይሆናል፤ «ይህ ማነው? ትናንት ነግሬህ አልነበረም?» ይላል። ሕፃኑም በዕለቱ መጨረሻ ላይ ለፈተና ይቀርባል። ሥዕሎቹም ብዙውን ጊዜ ከሌላ አገር የተቀዱ ናቸው። የኢሉባቡር ሕፃን የቡና ፍሬ ሲለቀም፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ያውቃል። እርሱ በዓይኑ ያላየውን ፖም ከማሳየት ይልቅ የሚያውቀውን ነገር ማሳየት ይሻላል። የሚያውቀውን በወረቀት ላይ ሲያገኘው በጣቱ እየነካ በደስታ ይጮኻል፤ መጽሐፍን መውደድ የሚጀምረውም በዚህ ነው።

ሁለተኛው የምሳሌ መጽሐፍ ነው። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» የእንስሳትን ተረት በግጥም አቅርበው ብዙ ትውልድ አስተምረዋል። የግጥሙ ምት ለጆሮ የጣፈጠ ስለ ሆነ ሕፃን እንኳ ትርጕሙን ሳያውቅ ሊሰማው ይወዳል። ነገር ግን የምሳሌ ፍሬ ያለው በመጨረሻው ምክር ነው። ምክሩን ለመረዳት ደግሞ ስለ እንስሳው እየሰሙ ስለ ሰው ማሰብ ያስፈልጋል። የሁለት ዓመት ልጅ ቀበሮው ቀበሮ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ሰባትና ስምንት ዓመት ለሆናቸው ይቈይ እላለሁ፤ ለሕፃኑ ካነበባችሁለትም ለዜማው ብላችሁ አንብቡለት እንጂ ምክሩን እንዲመልስ አትጠይቁት።

ሦስተኛው የማሞ ቂሎ ተረት ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይህን ተረት በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳትመውታል። እኒህ ሰው በአሜሪካ አገር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ለኢትዮጵያ ልጆች የተጻፈ መጽሐፍ ማጣታቸው ስለ ቈረቈራቸው፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ያቋቋሙ ናቸው። ማሞ እናቱ ስላለፈው ጥፋቱ የሰጠችውን ምክር ለማይገባው ነገር እየተጠቀመበት በየቀኑ ይሳሳታል። ድግግሞሹ ለሕፃን የተመቸ ነው። ሳቁ የሚመጣው ግን የትናንቱን ምክር ለሚያስታውስ ልጅ ስለ ሆነ፣ ከአራት ዓመት በላይ ለሆነው ይበልጥ ይስማማል። ያም ሆኖ አንድ ትልቅ መልካምነት አለው። እናቱ ተሳሳተ ብላ አትጥለውም፤ በማግስቱ እንደገና ትመክረዋለች። ሕፃን ይህን ሰምቶ ቢተኛ መልካም ነው።

አራተኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ማርጋሬት ዋይዝ ብራውን የጻፈችው፣ ክሌመንት ኸርድም ሥዕሉን የሠራለት፣ በ1947 በአሜሪካ የታተመው «ደኅና እደሪ ጨረቃ» የሚለው መጽሐፍ ነው። ታሪክ የሚባል ነገር የለበትም። አንድ የጥንቸል ልጅ በአልጋው ላይ ሆኖ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ በየስሙ እየጠራ ደኅና እደር ይለዋል፤ በዚህ ብቻ ያልቃል። ነገር ግን ገጹ በተገለጠ ቍጥር ክፍሉ ጥቂት በጥቂት ይጨልማል፤ አንዲት ትንሽ አይጥም ቦታዋን እየለወጠች ትገኛለች። አንባቢው ቃሉን ሲያነብ ሕፃኑ አይጧን ይፈልጋል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለሁለቱም ሥራ ሰጥቷል። ዕቃው የእኛ ቤት ዕቃ አይደለም፤ ዘዴውን ግን ልንወስደው እንችላለን። ለምድጃው፣ ለጀበናው፣ ለጥጃዋ፣ ውጭ ለሚዘንበው ዝናብ ደኅና እደሩ ማለት ምን ይከለክላል?

ከመጻሕፍቱ ምርመራ ወደ ሁለተኛው መመዘኛ እንለፍ፤ እርሱም ፍርሃት ነው። «ዝም በል፣ ጅብ መጣ» እያሉ ልጅ ማስተኛት በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። ጅብ የሚበላበትንና ጭራቅ የሚነጥቅበትን ተረት በመኝታ ጊዜ ማንበብም ከዚህ ልማድ አይለይም። በኖፓ ጅብ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር አይደለም፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ድምፁ ከደጅ ይሰማል። ፈርቶ ዝም ያለ ሕፃን የተኛ ይመስላል እንጂ ዕረፍት አላገኘም። ጅብ ያለበት ተረት ፈጽሞ አይነበብ አልልም፤ በቀን፣ ልጁ ሲያድግ፣ ጅቡም የሚሞኝበት ይሁን። ማታ ግን ቤቱ የታመነ መሆኑን የሚነግረው ቃል ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው መመዘኛ መጽሐፉ ለንግግር በር መክፈቱ ነው። በ1988 ዋይትኸርስት የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር፣ ሁለት ዓመት ገደማ ለሆናቸው ሕፃናት የሚያነቡ ወላጆችን መርምሮ ነበር። ከፊሎቹ ሲያነቡ ሕፃኑን እንዲጠይቁና መልሱን ተቀብለው እንዲያሰፉለት ተነገራቸው፤ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው አነበቡ። ከአንድ ወር በኋላ በንግግር ቀድመው የተገኙት የፊተኞቹ ልጆች ነበሩ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» እስኪባሉ ድረስ ይጠብቁ ነበር እንጂ ሰሚው ሳይመልስ አይጀምሩም። ነፍሳቸውን ይማርና ተስፋዬ ሣህሉ፣ «አባባ ተስፋዬ» የምንላቸው፣ በቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ተረት ነግረውናል፤ ባለውለታችን ናቸው። ነገር ግን ሣጥኑ ሕፃኑ ሲጠይቅ ቆሞ አይሰማም፤ የዛሬው ስልክም እንደዚያው ነው። ሕፃን ተረቱን ብቻ ሳይሆን የሚያነብለትን ሰው ጭምር ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃን አንዱን መጽሐፍ ከወደደ በየማታው ያንኑ ይጠይቃል፤ አንድ ገጽ ብትዘልሉበትም ያውቅባችኋል። ስለዚህ አርባ ጊዜ ብታነቡት የማያንገሸግሻችሁን ምረጡ። አንባቢው የሰለቸው መጽሐፍ በድምፁ ያስታውቃልና።

«መጽሐፍ ከየት ይመጣል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በገጠሩ የሕፃናት መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል፤ ቢገኝም ዝናቡና ጢሱ ወረቀቱን ያበላሹታል። ግን እናንተ ጽሕፈት ታውቃላችሁ። ካለፈው ዓመት የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ ወፍራም ወረቀት ስምንት ገጽ ቍረጡ፤ በመርፌና በክር ስፉት። በእያንዳንዱ ገጽ በኩራዝ ብርሃን እንኳ የሚታይ አንድ ትልቅ ሥዕል ሣሉ። ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ አፍ የሰማችሁትን ተረት በአጭሩ ከሥሩ ጻፉ። ማንበብ የማትችል እናትም ሥዕሉን እያየች ልትናገረው ትችላለች። አስቴር ጋኖ በስደት ያደረጉትን እናንተ በቤታችሁ ማድረግ አያቅታችሁም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ ማታ ታናሻችሁን በጭናችሁ ስታስቀምጡ ይህን አስቡ። በቤቱ ቋንቋ የሆነ፣ የማያስፈራ፣ የሚያነጋግር መጽሐፍ ምረጡለት። ልጁ ነገ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ አናውቅም። ዛሬ በጆሮው የምታኖሩለት ቃል ግን በሄደበት ሁሉ ስንቁ ይሆነዋል።