ከእንጦጦ የሚወርደው ነጎድጓድ

በተራራ ግርጌ የክረምትን ነጎድጓድ መተንበይ ረቂቅ ጥበብ ነው። በአዲስ አበባ፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ከሚወርደው ቸርችል ጎዳና ጀርባ፣ በስተሰሜን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ አለ። የጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ከደቡብ ምዕራብ የመጣውን እርጥበት ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። በቀትር የተቆለለው ነጭ ደመና ከሰዓት በኋላ ሆዱ ይጠቁራል። ከተማዋ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት አየር ከአናቷ ብዙ አይርቅም፤ በረዶው ሳይቀልጥ የፒያሳን ቆርቆሮ የሚደበድበውም ለዚህ ነው።

የሜትሮሎጂ ባለሙያው መሣሪያ ያንጠለጠለ ፊኛ ልኮ የየከፍታውን ሙቀትና እርጥበት ያነብባል፤ ሳተላይት በየጥቂት ደቂቃው የሚልከውንም ምስል ይከታተላል። ነጎድጓድ እንደሚኖር ጠዋት መናገር ይቻላል። የትኛው ሰፈር ላይ እንደሚወርድ ግን የሚለየው ደመናው ካበጠ በኋላ ነው፤ አንዱ ደመና የሚሸፍነው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነውና። ከሙያው ሁሉ ይበልጥ የሚደነቀውም ደመናው ካበጠ በኋላ ባለችው አጭር ጊዜ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ነጎድጓዱ ምን ያህል እንደራቀ ግን ማንም ሰው በቆጠራ መገመት ይችላል፤ መብረቁ ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ የሚቆጠረው እያንዳንዱ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው።