የቁም ተዝካር

ሰው ሁሉ ሟች እንደ ሆነ የማያውቅ የለም፤ የሞተውን ሰው እንዴት ማስታወስ እንደሚገባ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ የሰው ሥጋው ቢያልፍ ሥራው ይቀራል ማለታቸው ነበር። ዳሩ ግን ስም ብቻውን ከመቃብር በላይ ሊውል አይችልም፤ የሚያውለው ሰው ይፈልጋል። የሚያውለውም ከሟቹ በኋላ የቀረው ትውልድ ነው። ስለዚህ ስለ ሟቾች መታሰቢያ መናገር ስለ እኛ ስለ ቋሚዎቹ ጠባይ መናገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው የወዳጅ ዘመድን ለቅሶ አይደለም። ሕዝብ ሁሉ የሚወዳቸው ዘፋኞች፣ ተዋንያን፣ ሯጮችና ደራስያን ባረፉ ጊዜ የምናደርገውን ነው። ይህ ልማዳችን የሚመሰገንበት አለ፤ የሚነቀፍበትም አለ፤ ሁለቱንም ሳላዳላ ለመናገር እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን እንይ። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት ነበር። ሰው ጾሙን ፈትቶ ሊደሰት በተሰናዳበት ቀን ኀዘን በየቤቱ ገባ። በመስቀል አደባባይ በተደረገለት ሽኝት ላይ ትልቁም ትንሹም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ቆሞ አለቀሰ፤ ቀብሩም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። በቀድሞ ዘመን ዘፈንን ሙያ ያደረገ ሰው «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ እንደ ነበር ለሚያውቅ፣ ሹምም ባለጠጋም ያልሆነ ድምፃዊ እንዲህ ባለ ክብር ሲሸኝ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ሕዝብ ያስደሰተውን ሰው አለመርሳቱ የደግ ልብ ምልክት ነው።

አሁን ወደሚነቀፈው ልለፍ። የመጀመሪያው ነቀፌታ ምስጋናችን መዘግየቱ ነው። «ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም» ይባላል። ይህ አነጋገር ልማዳችንን ይገልጻል እንጂ ትእዛዝ አልነበረም፤ እኛ ግን እንደ ትእዛዝ ይዘነዋል። ፍቃዱ ተክለ ማርያም በመድረክ ላይ ነገሥታትን እየሆነ የተጫወተ፣ በሬዲዮም መጻሕፍትን እየተረከ ማንበብ የማይችለውን እንኳ የመጽሐፍ ወዳጅ ያደረገ ሰው ነበር። ኩላሊቱን ታሞ በተቸገረ ጊዜ ለሕክምናው ገንዘብ ከሕዝብ ይሰበሰብ ነበር። ሕዝቡም ከኪሱ አወጣ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ ሰው መታከሚያው በመዋጮ ላይ መንጠልጠሉ ሊያሳስበን ይገባል። ሐምሌ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲያርፍ ብዙ ውዳሴ ተነገረ፤ ውዳሴውም ይገባው ነበር። ሆኖም ከሁሉ ይልቅ ሊሰማው የሚገባው ሰው አልሰማውም።

አባቶቻችን «የቁም ተዝካር» የሚሉት ልማድ ነበራቸው። ልጅ የሌለው ወይም ወራሾቹን የማያምን ሰው፣ ሳይሞት በፊት ጠላውን አስጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ፣ ካህናቱንና ድኾችን ጠርቶ ተዝካሩን በቁሙ ያወጣል። እኔ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ስለ ተዝካር ሥርዓት የምከራከርበት ቦታ ግን ይህ አይደለም። የምፈልገው በልማዱ ውስጥ ያለውን ማስተዋል ነው። ያ ሰው ለነገ የታሰበ ደግ ነገር በነገ ሰዎች ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑን ዐውቆ፣ ዛሬ በዓይኔ ልየው ይላል። ለምንወዳቸው ሰዎች ምስጋናን በቁማቸው ብናወጣላቸው እንዴት ባማረ ነበር!

ሁለተኛው ነቀፌታ ውዳሴያችን ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አስተውላችሁ ስሙ። ሟቹ ከእናቱ ከእገሊትና ከአባቱ ከእገሌ ተወለደ፤ ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገባ፤ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ሥራውን ወዳድ ነበር። የአንዱን ስም አውጥተን የሌላውን ብናገባበት የሚለወጥ ነገር የለም። ተማሪ እንዲህ ያለ ድርሰት ጽፎ ቢያመጣልኝ «ይህ የተጻፈው ስለ ማን ነው?» ብዬ እመልስለት ነበር። ለሁሉ የሚሆን ልብስ ለማንም ልክ አይሆንም።

ከዚህም የከፋው ረጅሙን ሕይወት ወደ አንድ ሥዕል ማሳጠራችን ነው። እኔ በምኖርበት በጉርድ ሾላ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ብዙ ወጣቶች በደጁ ያልፋሉ፤ ስለ አበበ ቢቂላ ብትጠይቋቸው ግን «በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ» ብለው ያበቃሉ። እውነት ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በቶኪዮም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈው ሳለ፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ እንደ ገና አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማን ያወራዋል? በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ምክንያት እግሮቹ ከዱት። ዓለምን በእግሩ ያስደነቀ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነገር ግን ተስፋ ቈርጦ ቤቱን አልዘጋም፤ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ ኖርዌይም ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ሸርተቴ ተሽቀዳድሞ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ ዕድሜው ገና 41 ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከሮም ድሉ ይልቅ እነዚያ የመጨረሻ ዓመታት ለወጣት ትምህርት ይሆናሉ። በሮም እንዳደረገው ለመሮጥ ስጦታው ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ መከራ ግን ለሁሉም ይመጣል።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ «መምህር ሆይ፣ የለቅሶ ቤት ፍርድ ቤት አይደለም፤ በኀዘን ጊዜ የተነገረን ቃል መመርመር ጭካኔ ነው። ሙት ወቃሽም አያድርገን» ይለኝ ይሆናል። ይህ አነጋገር ክብር የሚገባው ነው። መልስ ሊሰጥ የማይችለውን ሰው መክሰስ ነውር መሆኑን አባቶቻችን አስተምረውናል። ነገር ግን ሙትን አለመውቀስና ስለ ሙት ልብ ወለድ መፍጠር ልዩ ልዩ ነገር ነው። ድካም ያልነበረበት ሰው አድርገን ስንሥለው ለወጣቱ ሁለት ጉዳት እናመጣለን። አንደኛ፣ ያ ሰው ከእርሱ የተለየ ፍጥረት ይመስለውና «እኔ ወዴት እደርሳለሁ?» ብሎ ይተወዋል። ሁለተኛ፣ የሟቹን ድካም ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ቀን የሰማውን መልካም ነገር ሁሉ ሐሰት ነው ይላል። ስለዚህ ነውሩን አደባባይ ማውጣት አያስፈልግም፤ ድካሙንና ትግሉን፣ የወደቀበትንና የተነሣበትን በልክ መናገር ግን ክብሩን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም።

ሦስተኛው ነቀፌታ ፊቱን እንጂ እጁን አለማስታወሳችን ነው። ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግጥሙን የጻፈውን፣ ዜማውን የደረሰውን፣ ሙዚቀኞቹን ያስተማረውን ግን ማን ይጠይቃል? የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሲነሣ የጥላሁን ስም በሁሉ አፍ ነው፤ ለክፍሉ ብዙ ዜማ የደረሱት ኮሎኔል ሳህሌ ደጋጎ ግን ስማቸው በጥቂት አዋቂዎች ዘንድ ቀርቷል። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን ያስተማሩት አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያንም እንደዚሁ ናቸው። ቤት ሲሠራ ባለ ቀለሙን አመስግኖ መሠረት የጣለውን መርሳት ይህን ይመስላል።

በዚሁ ላይ የገንዘብ ነገር አለ፤ ስለ እርሱ መናገርም አያሳፍርም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመን ለራሱ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ እንዲሆን ይደነግጋል። ይኸውም የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ያረፈው የጸጋዬ ገብረ መድኅን ድርሰት እስከ 2048 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት አለው ማለት ነው። እንግዲህ የሟቹን ሥዕል በስልኩ ላይ ለጥፎ «ነፍሱን ይማርልን» እያለ፣ በዚያው እጁ ሥራውን ያለ ፈቃድ እያባዛ የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል? ወላጅ ላጡ ልጆች ከንፈሩን እየመጠጠ ጎተራቸውን የሚገለብጥ ሰው ከእርሱ በምን ይለያል?

የሰፈራችን ስም ራሱ ስለዚህ ነገር ያስተምረናል። ጉርድ ሾላ ማለት የተቈረጠ ሾላ ማለት ነው። ስሙ የሚያነሣው ዛፉ ቆሞ ጥላ የሰጠበትን፣ ወፎችን ያበላበትን ዘመን ሳይሆን መቈረጡን ነው። በሰዎቻችንም ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ የሞቱበትን ቀን እንቈጥራለን፣ የሠሩበትን ዘመን እንረሳለን።

ታዲያ መልካም መታሰቢያ ምን ይመስላል? አባባ ተስፋዬ ሣህሉን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለአርባ ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩ ናቸው። ከዚያ በፊት ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት ጊዜ እንደ ሴት ለብሰው ይጫወቱ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ሰው አዘነ። ነገር ግን ለእርሳቸው የሚሆን ከሁሉ የበለጠው ሐውልት፣ የእርሳቸውን ተረት በልጅነቱ የሰማ አባት ማታ ስልኩን አስቀምጦ ለልጁ ተረት የነገረ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ሥራቸው ቀጠለ እንጂ አልተቋረጠም። የሯጭ መታሰቢያ በማለዳ ተነሥቶ መሮጥ፣ የደራሲ መታሰቢያ መጽሐፉን ገዝቶ ማንበብ፣ የተዋናይ መታሰቢያ ቴአትር ቤት ገብቶ የዛሬውን ተዋናይ ማየት ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሰፈራችሁ አንድ ያረጀ መሰንቆ መቺ፣ አንዲት ጡረታ የወጣች ተዋናይት፣ አንድ የቀድሞ ኳስ ተጫዋች አይጠፋም። በሩን አንኳኩ፤ «እንደምን ዋሉ፣ አባባ» በሉት፤ «እንደምን ዋሉ፣ እማማ» በሏት። የሠሩትን ጠይቁ፤ አብረዋቸው የሠሩትንም ስም ጠይቁ፤ በደብተር ላይ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ጻፉት። የቸገራቸው ነገር እንዳለ ሳይለምኑ ዕወቁላቸው። «ሞተ» የሚል ወሬ ስትሰሙም፣ እውነት መሆኑን ሳታረጋግጡ ለሌላ አታስተላልፉ፤ በሕይወት ያለውን ሰው በወሬ የምትቀብሩ እናንተ እንዳትሆኑ።

ይህን ያደረገ ወጣት የቀብር ቀን ሲደርስ እንደ ሌላው ሁሉ ያለቅሳል። ነገር ግን ሊለው የሚገባውን በጊዜው ብሏልና ልቡ አይወቅሰውም።